የከተማ ልጅና የውሃ ዳር፤ የቤተሰብ ሽርሽር ታሪክ



«ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ አበው። ልጅ በትንሽነቱ ያየውን፣ የዳሰሰውንና የሰማውን እስከ ሽምግልናው ይዞት ይኖራል። ስለዚህም ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ምግብና ልብስ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ እንዳልሆነ ማንም አይስተውም። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም ልጆችን ይዞ ወደ ባሕርና ወደ ሐይቅ ዳር መውረድ፣ በዱርና በተራራም በእግር መንሸራሸር ነው። ብዙ ሰው ይህን ነገር ገንዘብ የተረፈው ሰው መዝናኛ፣ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ አድርጎ ይቈጥረዋል። ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሰን ስንመረምር ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ሽርሽር ቅንጦት አይደለም፤ ከተማ ከልጅ ለወሰደችው ሜዳና ወንዝ የምትከፍለው ካሣ ነው። ይህም ካሣ ይከፈል ዘንድ ሦስት ነገሮች አስፈልገዋል፤ እነርሱም ጊዜ፣ መንገድና ለሁሉ ክፍት የሆነ ዳርቻ ናቸው። የእነዚህን የሦስቱን ታሪክ እንመልከት።

የገጠር ልጅ ሽርሽር አላስፈለገውም። ከብት ሲያግድ ይውላልና ወንዙ የዋና መማሪያው፣ ዱሩ የፍራፍሬ ጓዳው ነበር። እንጆሪ በየትኛው ጥሻ ውስጥ እንደሚበስል፣ አጋምና ቀጋ በየትኛው ወር እንደሚለቀም፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚያሰምጥና በየት በኩል እንደሚያሻግር መጽሐፍ ሳይገልጥ ያውቃል። በበዓልም ጊዜ ቢሆን ቤተሰብ በሙሉ ወደ ውሃ መውረዱ በአገራችን የቆየ ሥርዓት ነው። በጥምቀት ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል ታቦቱን አጅቦ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም ክረምቱ ሲያበቃ በኢሬቻ ቀን እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ዳር በመውጣት ፈጣሪን ማመስገን ከጥንት የመጣ ነው፤ ከመስቀል በዓል ቀጥሎ በሚውለው እሑድ በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ዳር የሚሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ልጅን አዝሎ ወይም እጁን ይዞ ወደ ውሃ መሄድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው ነገር ልጅ ውሃውን ሳያይ የሚያድግበት ኑሮ ነው።

ዋና ከተማችን አዲስ አበባ ራስዋ ከእንዲህ ያለ ጉዞ ተወለደች ብንል ከእውነት አንርቅም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእንጦጦ ተቀምጠው በነበሩበት ጊዜ የተራራው ብርድ እጅግ የከበደ ነበርና እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከሜዳው ወደሚፈልቀው ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ፣ ያርፉም ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ ቦታውን ወደውት በዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ስሙንም «አዲስ አበባ» አሉት። ከዚያ በኋላ መኳንንቱ በየሰፈሩ ቤቱን ሠራ፤ ከተማውም እየሰፋ ሄደ። እንግዲህ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ለጥቂት ቀን ዕረፍት የተወረደበት ሜዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማ ሆነ። ከተማ ሲሆንም ልጆች የሚቦርቁበት መስክ በየጊዜው እየጠበበ፣ ወንዞቹም እየቆሸሹ ሄዱ። ሰው ለመዝናናት የወረደበት ቦታ ራሱ መዝናኛ የሚፈለግለት ሆነ።

አሁን ደግሞ ይህ ነገር ከእኛ ቀድሞ ወደ ደረሰበት አገር እንሻገር። በእንግሊዝ አገር የባሕር ዳር ጉዞ የተጀመረው እንደ እኛ ፍል ውሃ ለጤና ተብሎ ነበር። ሪቻርድ ራስል የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1750 ስለ ባሕር ውሃ ፈዋሽነት በላቲን ቋንቋ አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ በሽተኞቹንም በባሕር ውሃ እንዲታጠቡ፣ አልፎ ተርፎም እንዲጠጡት ያዝዝ ነበር። ከዚህም የተነሣ በደቡብ ጠረፍ የነበረችው ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ብራይተን የባለጸጎች መናኸሪያ ሆነች። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ወደ ባሕር የሚሄደው ሠረገላና ጊዜ ያለው ሰው ብቻ ነበር።

የድኻው ልጅ ግን በዚያን ጊዜ የት ነበር? በፋብሪካ ውስጥ ነበር። የጥጥና የሱፍ መፈተያ መኪናዎች በተስፋፉ ጊዜ ገበሬው መሬቱን ትቶ ወደ ከተማ ገባ፤ ልጆቹም ከእርሱ ጋር ወደ ፋብሪካው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ከ9 ዓመት በታች የሆኑትን ልጆች በእነዚህ ፋብሪካዎች ማሠራት ከለከለ፤ ከ9 እስከ 13 ዓመት የሆኑትም በቀን ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ። ልጅን በቀን 9 ሰዓት ማሠራት እንደ ርኅራኄ የተቈጠረበት ዘመን ነበርና ስለ ባሕር ዳር ማን ያስባል? በ1850 በወጣው ሕግ ደግሞ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ከሥራ እንዲለቀቁ ተደረገ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የተለመደው የቅዳሜ ዕረፍት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር፣ ጊዜ፣ በጥቂት በጥቂቱ ተገኘ።

ሁለተኛው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ከለንደን እስከ ብራይተን ያለው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በባቡር ሐዲድ ተያያዘ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ቶማስ ኩክ የተባለ ሰው ብዙ ሰዎችን በአንድ ባቡር አሳፍሮ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሽልንግ አስከፍሎ፣ ከሌስተር እስከ ላፍቦሮ ወስዶ መለሳቸው። የብዙ ሰው ጉዞ በርካሽ ዋጋ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ታወቀ። በ1871ም ጆን ላቦክ የተባለው የምክር ቤት አባል ባቀረበው ሕግ በእንግሊዝ አራት የዕረፍት ቀናት ተጨመሩ፤ ከእነርሱም አንዱ በበጋቸው መካከል በነሐሴ ወር የሚውለው ሰኞ ነበር። በዚያ ቀን እናት፣ አባትና ልጆች ስንቃቸውን በቅርጫት ይዘው፣ በጭስ ከጠቈረው ከተማ ወጥተው ወደ ባሕር ይጎርፉ ጀመር።

በፈረንሳይ አገርም ከዚህ የሚበልጥ ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1936 በሰኔ ወር በወጣው ሕግ ሠራተኛው ሁሉ ደመወዙ ሳይቋረጥ በዓመት የሁለት ሳምንት ዕረፍት እንዲያገኝ ተደረገ። የመዝናኛና የስፖርት ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ሌዮ ላግራንዥ ደግሞ ለሠራተኛ ቤተሰቦች የባቡር ዋጋ በመቶ 40 ተቀንሶ እንዲሸጥ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ከ500,000 በላይ ሰው በዚህ ትኬት ተጓዘ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሁሉ በፈረንሳይ ሲኖሩ ባሕርን ያዩት ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር። የአገር ባለቤት ሆኖ የአገሩን ባሕር ሳያይ የሸመገለ ሰው ምን ይባላል? ይህን ጥያቄ እኛም ወደ ራሳችን እንመልሰው ዘንድ ይገባል።

ጊዜና መንገድ ከተገኙ በኋላ ግን ሦስተኛው ነገር ቀረ፤ እርሱም ክፍት ቦታ ነው። ማንቸስተር በተባለው የፋብሪካ ከተማ የሚኖሩ ወጣቶች እሑድ እሑድ በአቅራቢያቸው ባሉት ተራሮች ላይ በእግር ለመሄድ ይወጡ ነበር። ዳሩ ግን ተራሮቹ የወፍ አደን በሚወዱ ባለ ርስቶች የተያዙ ስለ ነበሩ ዘበኛ በዱላ ይመልሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 400 ያህል ሰዎች ኪንደር ስካውት ወደተባለው ተራራ ሳይፈቀድላቸው ወጡ። ከእነርሱም አምስት ወጣቶች ታሰሩ። ፍርዱ በአገሩ ሁሉ ከፍ ያለ ቅሬታን አስነሣ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መተላለፊያ ሕግ ወጣ፤ በ1951ም የመጀመሪያው የእንግሊዝ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከለለው ያ ተራራ የሚገኝበት አካባቢ ነው። ወጣቶቹ የታሰሩበት ተራራ ዛሬ አባት ልጁን እየመራ የሚወጣበት ሆኗል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያም የከተማ ቤተሰብ ወደ ውሃ ዳር የሄደው መንገዱ በተዘረጋለት መጠን ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂና ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ በሐዲዱ ላይ ተሰለፉ። ከዚያ በፊት ለነጋዴና ለሠራዊት የቀን ጉዞ የነበረው ቢሾፍቱ በሰዓታት የሚደረስበት ሆነ። እነዚያም በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙት ሐይቆች፣ ሆራና ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ፣ የመዲናይቱ ነዋሪ ዋና መናፈሻዎች ሆኑ። ያ አሮጌ ባቡር ዛሬ ከአዲስ አበባ አይነሣም፤ በምትኩ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድም የቀኑን ጉዞ አሳጥሮታል።

በሰሜን በኩል የአሥመራ ሰው ከከፍተኛው ደጋ ወደ ምፅዋ ባሕር ይወርድ የነበረው በባቡር ነበር፤ ሐዲዱ አሥመራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ እስከ ባሕሩ ድረስ በዋሻና በድልድይ እየተጠማዘዘ የሚወርደውን ያን መንገድ በሊቶሪና የተጓዘ ልጅ ብርዱ ወደ ሙቀት፣ ጉሙ ወደ ጨው ሽታ ሲለወጥ በአንድ ቀን የመልክዐ ምድር ትምህርት ተምሮ ይመለስ ነበር። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር ሆናለች። ስለዚህ ለዛሬው የኢትዮጵያ ልጅ ባሕር ዳር ማለት የሐይቅ ዳር ማለት ነው።

የሐይቅ ዳርስ አላጣንም። ወደ ደቡብ የሚወስደው የስምጥ ሸለቆ መንገድ ሐይቆቹን እንደ መቁጠሪያ አሰልፎ ያሳያል። ከእነርሱም ሁሉ ለቤተሰብ መዋኛ የታወቀው ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ላንጋኖ ነው። ታዋቂው የሆቴል ባለቤት አቶ በቀለ ሞላ በዚህ መንገድ ላይ ካቋቋሟቸው ሆቴሎች አንዱ በላንጋኖ ዳር የተሠራው ነበር። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ልጆች ሲያዩት ቆሻሻ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ መልኩን የሰጠው በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የማይዘቅጠው የደቀቀ አፈር ነው። በምሥራቅም በአዋሽ ወንዝ ዳር ሶደሬ ፍል ውሃ አለ፤ ወደ ፊት ሲገፉም እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ በዚያም ሳላ በሜዳው ሲግጥ፣ አዋሽም በገደሉ ላይ ሲወርድ ይታያል።

በእግር ለመንሸራሸር ደግሞ ያን ያህል መራቅ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ይህን ደን በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በአፈ ታሪክ ይነገራል። ጥዱና ዝግባው፣ ኮሶውና ወይራው በአንድነት ቆመው፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ማየት ለልጅ ታላቅ ነገር ነው። ደኑን የተከለው ሰው ጥላውን እንደማያገኝ እያወቀ መትከሉንም አባት ለልጁ በዚያ ጥላ ሥር ቆሞ ቢነግረው ከማናቸውም ስብከት ይበልጣል። ይህም ለማይችል ቤተሰብ እንጦጦ አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ የእግር መንገዶች አሉት፤ 705 ሔክታር የሚሰፋው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም በዚያው ተራራ ግርጌ ነው።

ውሃ ግን ደስታ ብቻ አይደለም፤ ማወቅንም ይጠይቃል። በብዙዎቹ የአገራችን ወንዞችና ሐይቆች ዳር በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ ይተላለፋል፤ ላንጋኖ ከዚህ በሽታ ነጻ በመሆኑ ነው ለዋና የተመረጠው። ስለዚህ በሽታ ሲነሣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ስም ሊረሳ አይገባም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ከዚያ በኋላ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አስረዱ፤ ለዚህም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶቻችን በየወንዙ ዳር በእጃቸው ይዘውት የኖሩት ቅጠልና ፍሬ አስተውሎ የሚያይ ዐይን ብቻ ይፈልግ ነበር። የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ እንደ ጉድጓድ ከዳር ጀምረው የሚጠልቁ ናቸው፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት እንዳለው ተለክቷል። ስለዚህ ልጅን ከውሃ ዳር ያመጣ ወላጅ ዐይኑን ከልጁ ላይ ሊያነሣ አይገባውም።

አንባብያን ሆይ፤ እስካሁን የተናገርነው ስለ ተገኘው ነው። አሁን ስለሚጠፋው እንናገር። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ የሐረር ከተማን ሕዝብ የሚያጠጣ፣ በዳሩም ቤተሰብና ተማሪ የሚንሸራሸርበት ሰፊ ውሃ ነበር። ከዙሪያው ተራሮች ደኑ ስለ ተመነጠረ ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ሐይቁን ሞላው፤ ለጫትና ለአትክልት ማጠጫ የተተከሉትም ሞተሮች ሌት ተቀን ውሃውን ሳቡት። ከዚህም የተነሣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ፤ ጀልባ በሄደበት ከብት ሄደበት። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መተኛቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ዳሩ ግን ሐይቅ ሊሞት እንደሚችል ያን ጊዜ በዐይናችን አየን። በላንጋኖ አጠገብ ያለው አቢጃታም ውሃ የሚያገባለት ወንዝ ለመስኖ ስለሚጠለፍ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል፤ ሳሩ ሳይቀር ጨው በለበሰ መሬት ተተክቷል።

ሌላም የጥፋት ዓይነት አለ፤ እርሱም ውሃው ሳይጠፋ ዳርቻው ሲጠፋ ነው። ዛሬ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ አብዛኛው ቦታ በሆቴልና በግል ቅጥር የተያዘ ነው። ሆቴል መሠራቱ መልካም ነው፤ ለብዙ ሰው ሥራ ሰጥቷል፤ ለአገሩም ገቢ አስገኝቷል። ነገር ግን አንድ አነስተኛ ደመወዝ ያለው አባት አራት ልጆች ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሐይቁን በአጥር ቀዳዳ ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ የማንቸስተር ወጣቶች በዘበኛ ዱላ ከተመለሱበት ዘመን ብዙ አልራቅንም ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ42ኛው አንቀጽ ለሠራተኛ ዕረፍትንና የመዝናኛ ጊዜን መብት አድርጎ ደንግጓል፤ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጹ ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይናገራል። ዳርቻ የሌለው የመዝናኛ ጊዜ ግን ማዕድ የሌለው ግብዣ ነው።

ይህን የምንጽፈው ይልቁንም ለመንግሥት ሠራተኞች ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጊዜው በእጃችሁ አለ። የትምህርት ቤት ረጅሙ ዕረፍት በክረምት ይውላልና ያን መጠበቅ ትርፉ ጭቃና ዝናብ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ምድሩ አበባ የሚለብስበት፣ ሰማዩም የሚጠራበት ወቅት ስለሆነ ከዓመት ፈቃዳችሁ ጥቂት ቀን ለዚያ ጊዜ ብታስቀሩ፣ አለዚያም በወር አንዱን ቅዳሜ ለልጆቻችሁ ብትሰጡ በቂ ነው። ወጪውም የሚያስፈራ አይደለም፤ ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጥሩ ውሃና ጠንካራ ጫማ ይበቃል። ልጁ የዛፍ ስም ቢጠይቃችሁና ባታውቁት በዚያ የሚኖሩትን ገበሬ ጠይቁ፤ ልጁ አባቱ ከገበሬ ሲማር ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። የወደቀ ፌስታልና ጠርሙስም አስለቅማችሁ ተመለሱ።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት ይህ ነው። የሐይቅ ዳር ለማን እንደሚሰጥ፣ ደን ከየት እስከ የት እንደሚከለል፣ መስኖ ከየትኛው ወንዝ እንደሚጠለፍ የሚወሰንበት ደብዳቤ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፤ ነገም በልጆቻችሁ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። የሐረማያን መድረቅ በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ፋይሉን እንደ ሌላው ፋይል ፈርሞ ያሳልፈዋል። በልጅነቱ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ የላንጋኖን ማዕበል ያየ፣ በመናገሻ ጥድ ሥር የደከመ እግሩን ያሳረፈ ሰው ግን ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ቆም ብሎ «ለሕዝቡ መተላለፊያ ቀርቶለታልን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ልጅ የያዘውን አይለቅምና፣ ውሃውንና ዱሩን ገና በልጅነቱ እናስይዘው።